ውሃው ሳይደርስ የፈረሙት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበት ቤት ከሰፈሩ ቦኖ ፊት ለፊት ስለነበር ያደጉት የወረፋ ጭቅጭቅ እየሰሙ ነው። ሴት አያታችን «የሌላው ሰው ልጅ አፉን የሚፈታው እማዬ ብሎ ነው፤ የእኔው ግን ተራዬ ነው ብሎ ነው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። እርሳስ ጆሮ ላይ መሰካትን ከአባታቸው ወርሰው እስከ ጡረታቸው ድረስ አልተዉትም። በ1968 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1973 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ፤ በዚያው ዓመትም በክልሉ ውሃ ቢሮ ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. ከነርሷ እናታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

አባታችን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እየሰሙ መቀመጥ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ከኮት ኪሳቸው የቧንቧ ጎማ አይጠፋም። እራት የጋበዛቸው ሰው ሁሉ ቧንቧውን ሳያስጠግን አይሸኛቸውም ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም ይህን ስለሚያውቁ ግብዣው ይበዛ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የቢሮው የዕቅድና በጀት ቡድን መሪ ሆኑ። ሥራቸው ከመንግሥት በሚመደበው ገንዘብ በየዓመቱ የትኞቹ ከተሞች ውሃ እንደሚገባላቸው ዝርዝሩን ማዘጋጀት ነበር። ገንዘቡ ከአሥር ጠያቂ ለሁለቱ ቢደርስ ነው። ስለዚህም ሰላምታቸውን እየፈሩ የሚያልፏቸው ከተሞች እንደነበሩ ይናገሩ ነበር።

ቀጥሎ ያለው እንዲዘለል ከቤተሰቡ መካከል የፈለግን ነበርን። እሳቸው ግን «እሱ ከቀረ የሌላ ሰው ታሪክ ነው የምታነቡት» ብለው አዘዋል።

በ1994 ዓ.ም. የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰባት ሺህ ሰው በሚኖርባት አንዲት የቆላ ከተማ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ቧንቧው ተዘርግቶ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ተሠርቶ ነበር። የቀረው ፓምፑ ነው፤ እሱም ተገዝቶ በመንገድ ላይ ነበር። ደንቡ ደግሞ በዓመቱ ላልተጠናቀቀ ሥራ የተያዘ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለስ ይላል። የቢሮው ኃላፊ «ሁለት ወር ናት፤ ማን ያያታል?» አሏቸው። አባታችን ገንዘቡ ተመልሶ ከተማዋ ሌላ ዓመት እንዳትጠብቅ ሲሉ፣ በሪፖርቱ ላይ «በግንባታ ላይ» የሚለውን ሰርዘው «የተጠናቀቀ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ፓምፑ የመጣው አባታችን ለሥልጠና ሌላ አገር በነበሩበት ወር ነው። የመጋዘኑ ሹም መዝገቡን ሲያዩ ከተማዋ ተጠናቃለች። ላለቀ ሥራ ፓምፕ አይወጣምና ለሌላ ከተማ ላኩት። አባታችን ሲመለሱ ፓምፑ ተተክሎ ሌላ ሕዝብ ይጠጣበት ነበር። ነቅሎ ማምጣት አንዱን አስጠምቶ አንዱን ማጠጣት ሆነባቸው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት «ለጥገና» እያሉ ገንዘብ ጠየቁ። ያልሠራ ነገር እንደማይጠገን ያውቁ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ግን ፈሩ፤ ሦስታችንም ገና ልጆች ነበርን። ሲጸጸቱ የኖሩት ከፊርማቸው ይልቅ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የከተማዋ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢሮ ድረስ መጥተው ባዶ ባልዲ አባታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «በሪፖርታችሁ እየጠጣን ነው አሉ። ጉሮሯችን አልሰማም መሰለኝ፤ እስቲ ከሪፖርቱ ይቅዱልኝ» አሏቸው። የቢሮው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህን ሴት «እማማ ባልዲ» ይላቸዋል። አባታችን በሳምንቱ የፈጸሙትን ጽፈው አስገቡ፤ ከቡድን መሪነታቸውም ተነሡ። ሆኖም ቁጥሩ ወደ ላይ ሄዶ፣ የክልሉ የውሃ ሽፋን በመቶ ተሰልቶ በአደባባይ ተነግሮ ነበር። የተነገረን ቁጥር ዝቅ የሚያደርግ ኃላፊ አልተገኘም። ለከተማዋ ፓምፕ እንዲገዛ ሲጽፉ በየዓመቱ የሚመጣላቸው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ለተጠናቀቀ ፕሮጀክት ሁለተኛ በጀት አይያዝም።»

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ የከተማዋ ፋይል ግን አልወጣም። የበጀት ውይይት በመጣ ቁጥር ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ አቃፊያቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በእንግዳ ወንበር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ጥበቃዎቹ «አባባ፣ ዘንድሮም?» ሲሏቸው «ዘንድሮም» ይላሉ። እናታችን «እኔ ጣውንት አለብኝ፤ ስሟ ፋይል ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ሁልጊዜ ቀልድ አልነበረም። በምረቃችንም በሠርጋችንም ላይ አባታችን ነበሩ፤ ልባቸው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ እንደ አዲስ ፕሮጀክት ተመዝግባ ገንዘቡ ተፈቀደ። ፓምፑ በ2015 ዓ.ም. ሲመጣ ግን ሃያ ዓመት ያለ ውሃ መሬት ውስጥ የተኛው ቧንቧ ዝጎ ተገኘ፤ መስመሩም እንደ አዲስ መቆፈር ጀመረ።

አባታችን ልባቸው ደክሞ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ሆስፒታል ገቡ። እማማ ባልዲ ሊጠይቋቸው መጡ። እናታችን ኮሪደሩ ላይ ያዟቸውና «እባክዎ እህቴ፣ ደርሷል ይበሉልኝ፤ ይረፍበት» ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም «አይ እህቴ፣ እኔ በዚህ አፌ እሱን አልለውም» አሉ። ገብተውም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ገና ነው፣ ኢንጂነር። ዋናው መስመር ሳይፈተሽ አይለቀቅም ብለዋል።»

«የታችኛው ሰፈርስ?»

«እሱም ገና ነው።»

አባታችን «እኔስ ያን ጊዜ ይህችን ቃል ብጽፋት ምን ነበረበት» አሉ። እማማ ባልዲ ትራሳቸውን አስተካከሉላቸው። ሲወጡም «የተለቀቀ ዕለት እኔው ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አሏቸው።

አባታችን ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ከዚያች ከተማ ተነሥታችሁ ለቀብራቸው የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ አባታችን በሕይወት ሳሉ የጠየቋችሁን ይቅርታ ቤተሰባቸው ዛሬ በፊታችሁ ቆሞ ይደግመዋል። ውሃው ደርሷል ብለን ለመጻፍ አልደፈርንም፤ አልደረሰምና። ፈጣሪ ለእናንተ የዘገየውን ያድርስላችሁ፤ የእሳቸውንም ነፍስ በዕረፍት ይቀበልልን።