የማይጠብቅ ሰሌዳ

ኩባት ወንድሜ፣ እግርህ እንዴት ነው? ጀሶው እያሳከከህ ቤቱን ሁሉ እንደምታስመርር አልጠራጠርም።

ካራኮል ከተማ እንደገባሁ የበረዶ መንሸራተቻ ወደሚሸጡት እትዬ ጉልዛት ሱቅ ሄጄ፣ «በማንኛውም ተራራ የሚበር ግትር የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ይስጡኝ፤ የጀማሪ እንዳያሳዩኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን አሮጌ ሰሌዳዬን ገለበጡና፣ በከተማችን በኦሽ ያለው ጫማ ጠጋኝ ሶል አይቶ አረማመድህን እንደሚነግርህ ሁሉ፣ የብረት ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«በተረከዝ በኩል ተበልቶ ሊያልቅ ነው። በየደረስክበት ፍሬን የምትይዝ ፈሪ ነህ እንዴ አንተ?»

«ኧረ አይደለሁም! ወደ ኋላ የሚቀር ጓደኛ አለኝ። እየቆምኩ ስጠብቀው ነው።»

ሳቁብኝ። ከዚያ ግትሩን ሰሌዳ አውርደው ጉልበታቸው ላይ ሊያጎብጡት ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለም። «ይኼ መሮጥ እንጂ መቆም አይወድም። ቀስ ካልክበት ይጥልሃል። ከእንግዲህ ብቻህን ነው የምትወርደው?»

እጄ ላይ ምን እንደሚያምር ብታይ! ግን መልሰው ይስቀሉት አልኳቸው። የአሮጌውን ጠርዝ ሞርደው ሲሰጡኝ፣ «ለአንድ የበረዶ ወቅት የሚያቆምህ ብረት ቀርቶታል» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትህን ሳምልኝ። አንተ ቀርፋፋ፣ ብረቱ ሳያልቅ ዳንልኝ።

ኤርኒስ