አማልክቱን የተረጎመው ማን ነው?

ሰኞ፣ ግንቦት ፪

ቲያማትን ዛሬ ገደልኳት። የባቢሎን ሰዎች የሁሉ እናት የሚሏት አምላክ ነበረች። ማርዱክ የሚባል ጎረምሳ አምላክ ለሁለት ሰንጥቋት በግማሿ ሰማይን ሠራና ነገሠ። የአማልክቱን መጽሐፍ ከጣልያንኛው ወደ አማርኛ ስመልሰው ተናደድኩ። ስምንት ወር ለፍቼበታለሁ። ጣልያንኛ የተማርኩት በወረራው ጊዜ ፒያሳ ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ መጠጥ ስቀዳ ነው፤ ስሰደብበት ኖሬያለሁ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ጌታ አቶ ግርማ «ስምሽ ፊት ገጹ ላይ ይወጣል» ብለውኛል። ያኔ የሰደበኝ ሁሉ ያነበዋል።

ማክሰኞ፣ ፫

የግሪኮቹ ምዕራፍ አለቀ። የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ ብልኋን ሚስቱን ሜቲስን ዋጣት። እሷ ከሆዱ ሆና ትመክራለች፣ ጠቢብ የሚባለው እሱ ነው። ልጃቸው አቴና ከአባቷ ራስ ወጣችና እናት የለኝም ብላ ለወንዶች ትፈርዳለች። ይቺ ደግሞ ባሰችብኝ።

ከራሴ አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ የኛ ሴቶች ለወሊድ ስለሚለምኗት ስለ አቴቴ። እናቴ ጨሌዋን አድርጋ አቴቴን ስትለምን፣ ምጥ የያዛት የሰፈር ሴት ሁሉ እናቴን ታስጠራ ነበር። የንስሐ አባቷ ጨሌውን አስጣሏት። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስጠራትም።

ረቡዕ፣ ፬

አቶ ግርማ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ዓይናቸው ያረፈው በሚያውቁት ስም ላይ ብቻ ነው። አቴቴን በቀይ ሰረዟት። የባቢሎን ጣዖት ታሪክ ነው፣ የኛ ግን ነውር ነው አሉ። ለስሜ ስል ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ፭

የፊት ገጹ ፊደል የሚለቀመው መጨረሻ ላይ ነው። ልየው ብዬ ወደ ፊደል ለቃሚው ጋሽ ሽብሩ ወረድኩ። ከእርሳስ የተቀረጸውን ፊደል ገልብጦ ማንበብ ለምጃለሁ። «ተርጓሚ፦ አቶ ግርማ» ይላል።

ተሳስተዋል አልኳቸው። «እኔ የተሰጠኝን ነው የምለቅመው፣ የኔ ልጅ። አንቺ እኮ መቅድሙ ላይ አለሽ።»

አለሁ፦ «በታይፕ በመጻፍ ለረዳችኝ ልጅ ምስጋናዬ ይድረሳት።» ስም የለኝም። ጊዮርጊስ እስክደርስ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ፮

አቶ ግርማን ጠየቅኳቸው። የሴት ስም ያለበትን የጣዖት መጽሐፍ ማን ይገዛል፣ ጠንቋይ ይሉሻል፣ ላንቺው ብዬ ነው አሉኝ። ላንቺው ብዬ! ምራቄን መትፋት ብቻ ነው የቀረኝ።

ይባስ ብለው፣ እሑድ መጽሐፉን ለትልልቅ ሰዎች ስለሚያስተዋውቁ ፍሬ ነገሩን በሁለት ገጽ ጻፊልኝ አሉ።

ቅዳሜ፣ ፯

አልጻፍኩም። ጠዋት የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ደነገጡ። «እባክሽ አስካለ» አሉ፤ በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ይቺ ቲያማት ማናት? ሰው ናት አገር?»

«መጽሐፉ የእርስዎ አይደል? ያንብቡት» ብዬ ወጣሁ።

ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሥራ የለኝም። የስምንት ወር ልፋቴም እዚያው ቀረ። ለማን አቤት እላለሁ? ያንገበግበኛል።

ነገ አቶ ግርማ ትልልቆቹ ሰዎች ፊት ይቆማሉ። ጌታ ሆይ፣ አንድ ሰው ብቻ ጥያቄ ይጠይቃቸው።