ከመኪናዎ ሥር ስላለው የመዳብ ዘንግ

ለተከበሩ ዶክተር ሐብተማርያም፣
የኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የተማሪዎቹ የኤሌክትሪክ ኃይል ክበብ የበላይ ጠባቂ (ፓትሮን)፣ ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ ደግሞ የልጄ ዳኛ፤
ናይሮቢ

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከመኪናዎ እስከ ቢሮዎ ያለችው አሥራ አምስት እርምጃ እንዳላደከመችዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እታገኘሁ ይገዙ እባላለሁ፤ ኢስትሊ ውስጥ ሽቦና ሶኬት ስሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ሐበሻው ሁሉ በሚያነበው በዚህ የማኅበራችን መጽሔት ላይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በቅድሚያ ለክበቡ ስላደረጉት ሁሉ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ልጄ አቢግያ የክበቡ ሊቀ መንበር በሆነችባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገኝተውላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ሪባን ሊቆርጡ፣ አንድ ጊዜ ፎቶ ሊነሱ። በዓመታዊው ኤግዚቢሽን ላይ የተሰቀለው ባነር ላይ የእርስዎ ፎቶ ልጆቹ ከሠሩት ማሽን ይበልጥ ነበር፤ ማሽኑን ያየ ሰው ባይኖርም እርስዎን ያላየ አልነበረም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩ኛ. በትምህርት ክፍልዎ ደንብ መሠረት አንድ ክበብ ያለ ፓትሮኑ ፊርማ አምፖል እንኳ መቀየር አይችልም። ልጆቹ ይህን አክብረው፣ የሕንፃውን ሶኬቶች ለመፈተሽ የሚጠይቅ ፎርም ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጡ። ፎርሙ እዚያው ስድስት ሳምንት ተኛ። ላቦራቶሪው ውስጥ የማሽኖቹን አካል ሲነኩ የሚነዝራቸው ልጆች እየበዙ ሲሄዱ፣ መጠበቅ አቅቷቸው ሳይፈረምላቸው ለኩ። ጥፋታቸው ይህ ነው፤ እኔም አልክድም።

፪ኛ. አርባ ስድስት ሶኬት ለክተው አርባ ስድስቱም የመሬት ሽቦ እንደሌላቸው አገኙ። መጽሔቱን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል ላስረዳ፤ የሶኬቷ ሦስተኛ ቀዳዳ ለጌጥ አልተሠራችም፤ የማሽኑ አካል ኤሌክትሪክ ከያዘ ወደ መሬት የምትወስደው እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች መንገዱ ሰው ነው። ይህ እኔ ሱቄ ለሚመጣ ለማንኛውም ደንበኛ በየቀኑ የምናገረው ነው፤ ለኤሌክትሪክ ምሁር መናገር ግን ያሳፍረኛል። ልጆቹ ሽቦውን ተከትለው ሲሄዱ ከሕንፃው ጀርባ ተቆርጦ አገኙት። የተቆረጠውም ባለፈው ዓመት የመምህራን መኪና ማቆሚያ ሲነጠፍ ነው። መሬት ውስጥ የገባው የመዳብ ዘንግ ዛሬም እዚያው አለ፤ ከላዩ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ከድንጋዩም ላይ የእርስዎ ስም የተጻፈበት ቦታ ሆኖ፣ በቦታውም የእርስዎ መኪና ቆሞበት።

፫ኛ. ልጆቹ በየሶኬቱ ላይ «አትንኩ» የሚል ቀይ ወረቀት ለጠፉ። ትምህርት ክፍሉን ለመገምገም እንግዶች ሊመጡ ነበርና እርስዎ ወረቀቶቹ ሁሉ እንዲነሱ አዘዙ። ለፎርሙ ስድስት ሳምንት ያልበቃው ብዕርዎ ለዚህኛው ትእዛዝ አንድ ከሰዓት በቃው። እንግዶቹም ግድግዳው ንጹሕ መሆኑን አድንቀው ሄዱ አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት።

፬ኛ. ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ሚልኬሳ።

ሚልኬሳ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና አራት ወሩ የሆነ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ የክበቡ አባል አይደለም፤ ላቦራቶሪው የገባውም ከተነሱ በኋላ ስለሆነ ወረቀቶቹን አላየም። የላቦራቶሪውን ማሽን ሊያበራ ሲል ኤሌክትሪክ ያዘው፤ የግራ መዳፉ ተቃጥሎ፣ ከወንበር ወድቆ የዚያው እጁ አንጓ ተሰበረ። አቢግያ ጠርታኝ ወደ ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ስለለመነኝ ደውዬ ደረጃ አዳልጦት ነው ብዬ ዋሸኋት። ይህን ካነበበች እኔን ይቅር ትበለኝ፤ እርስዎን ይቅር ማለት የእሷ ፈንታ ነው።

ከዚህ በኋላ የተከሰሰ ሰው መኖሩን ስሰማ፣ ሞኝነቴ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የተከሰሰችው ግን አቢግያ ናት። ክሱ ያለ ፓትሮን ፈቃድ መለካት፣ በዩኒቨርሲቲው ንብረት ላይ መለጠፍና ተማሪዎችን ማሸበር ይላል። ልትመረቅ አንድ ሴሚስተር ሲቀራት አንድ ዓመት ሊያግዷት ነው። ደግነትዎ ወሰን ስለሌለው ግን «ልኬቱ ስሕተት ነበር» ብላ ከፈረመች ክሱ እንደሚነሳላት ነግረዋታል።

እውነቱን ልናገር፤ ፈርሚና ተገላገይ ልላት ነበር። እናት ነኝ፤ የምረቃ ልብሷን አስቀድሜ አሰፍቻለሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ሚልኬሳ ከጓዳ ወጣ፤ እጁ እስኪድን እኛ ጋ ነው ያለው፤ ሻይውን በቀኙ ይዞ በተጠቀለለው ግራ እጁ ክርን በሩን ገፋው። ያሰብኩትን ውጬ በሩን ያዝኩለት። አቢግያም ልል የነበረው ገብቷት፣ «ማሚ፣ የሶኬቶቹን ሪዲንግ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሶሪ፣ አልፈርምም» አለችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ስላስተማሩልኝ ላመሰግንዎ ብዬ አሰብኩና፣ ይህን እርስዎ እንዳላስተማሯት ትዝ አለኝ።

ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ጠቅልዬ ልደብቀው አልችልም። የሰው ልጅ እጅ ተቃጥሎ የሚጨነቁት ስለ ተለጣፊ ወረቀት ነው። የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ክሱን ያንሱ፣ ሽቦውን ያስቀጥሉ። ሽቦውንም ማያያዣውንም ከሱቄ እኔው አመጣለሁ፤ ለመቆፈር እንዲመቸን ግን መኪናዎን ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉልን።

ፊርማዎን በትዕግሥት ከሚጠባበቁት ብዙዎች አንዷ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስም አክባሪዎ ሆኜ የምቆይ፣
እታገኘሁ ይገዙ
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ልጄን የሚዳኙበት የስብሰባ አዳራሽ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ እሱንም ለክተዋል። እርስዎ ከሚቀመጡበት የሰብሳቢ ወንበር ጀርባ ያለችው ሶኬት አርባ ስድስተኛዋ ናት፤ የእሷም ወረቀት ተነሥቷል። በየስብሰባው ይዘዋት የሚገቡትን የብረት የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያዎን እዚያ ላይ እንዳይሰኩ። ይህን እንድነግርዎ የለመነችኝ አቢግያ ናት፤ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።