የረጋው ጠረጴዛ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ከሥራው ጣጣ በቀር ደህና ነኝ። በእጄ ያልጻፍኩት ኮምፒውተር ይፈጥናል ብዬ ነውና አትቀየሚኝ።

ዶክትሬቱ አሁንም አላለቀም። ሁለት የአንጎል ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ለማወቅ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ በየሴሉ ላይ አስጠግቼ የኤሌክትሪክ ምልክቱን እቀዳለሁ። ቱቦውን የሚያስጠጋውን ማዞሪያ በጣቴ ሳዞር ቱቦው ቅንጣት ታህል ከተነቃነቀ ሴሉ ይቀደዳል፤ የቀኑን ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ዘንድሮ አንድም አልተሳካልኝም። መሣሪያው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል ብዬ የጥገናውን ሰውዬ ሦስቴ አስጠራሁት። ትናንት ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጦበት፣ ውሃው ንቅንቅ አለማለቱን አሳይቶኝ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ጠረጴዛ ከአንተም ከእኔም የረጋ ነው» አለኝ። ተሳሳቅን። ብርጭቆውን አንስቼ ሳቀብለው ግን ሱሪውን አራስኩት።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፤ አባባ ልብስ ሲሰፋ መርፌው ላይ ክር ማስገባቱን ለእኔ የተወው በስንት ዓመቱ ነበር? ዓይኔ ደከመ ይለን ነበር፤ ጋዜጣውን ግን ያለ መነጽር ነበር የሚያነበው። ይህን እማማ ፊት አታንሺው። ቶሎ ጻፊልኝ። ባይሆንም እንኳ፣ ከስልሳ በላይ ነበር በይኝ።

ሰላምሽ ይብዛ፣
ክር አስገቢው ወንድምሽ