ዓመቱን ማን ነካው?

ሮዳስ፣

ወደ ጌዶ የሚሄደው መኪና ሞልቶ ሳይሄድብኝ ብዬ በችኮላ ነው የምጽፍልሽ።

ኮምፒውተሩ ተስተካክሏል። ኢንተርኔቱ እንቢ ያለው እኔ ፊልም ስላወረድኩበት አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱንም 2016 ያደረግሽው አንቺ ነሽ! ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 2024 ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሰሽው የትኛው ድረ ገጽ ይከፈትልሽ?

ጥፋቱን በእኔ አላክከሽ አድሚንነቴንም ነጥቀሽኝ ነበር። ፓስወርድሽን ስክሪኑ ጀርባ ለጥፈሽው ስላገኘሁ ገብቼ መልሼዋለሁ። ብታነሺው እንደገና እመልሰዋለሁ፤ ዕቃው የሁለታችንም ነው።

በእኛ ሰዓት ማየት ካማረሽ ቀና በይ። የመኝታ ክፍሌን የግድግዳ ሰዓት ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቅዬልሻለሁ። እሱን እንደፈለግሽ አዙሪው።

ትናንት በሩን ድርግም አድርጌ መዝጋቴ ልክ አልነበረም።

ግን አንቺም አከራያችን ኦቦ ሌታ ፊት «ያበላሸችው ጉዴ ናት» ብለሽ ጮኸሻል። እሑድ ስመለስ እዚያው እሳቸው ፊት፣ በዚያው ድምፅሽ፣ «እኔ ነኝ» ትያለሽ።

ድምፅሽን ዝቅ ካደረግሽ አስደግምሻለሁ።

ጉዴ