ሁለት እኩል ይሆናል ስምንት

ውድ ልጄ፣ አባትሽ «ማስመሪያ» እያለ የሚጠራሽ፣

ቀስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ለእጄ መቀስ እንጂ እስክሪብቶ እንደማይቀናው ታውቂያለሽ። ፈተናውን ተፈተንኩ። ይህንን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ለሌላ ሰው ብነግረው «ጎበዝ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ መባል ደክሞኛል። ካንቺ ወዲህ ሰው ሁሉ ጎበዝ ይለኛል። ሁለት ጉርሻ ስበላ ጎበዝ፣ ከአልጋ ስነሳ ጎበዝ።

የጎልማሶች ትምህርት ቤት ያስመዘገብሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? የሰው ልጆች ሒሳብ ስታስተምሪ መዋልሽ አልበቃ ብሎሽ እኔን ጨመርሽ። «እማዬ፣ ስምንተኛን ሳትጨርሺ አልለቅሽም» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። እሺ ያልኩት እንድትተዪኝ ነበር፤ አልተውሽኝም እንጂ። ስፌት ቤት ያለችው ቆራጭ ሰምታ ስትስቅብኝ ከረመች። ይሄ ኤክስ የሚሉት ሰውዬ ሁልጊዜ የሚጠፋ፣ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ፈላጊ፣ ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው ትለኝ ነበር። እኔም ማታ ማታ ለአንቺ እነግርሽና ነገ ምን ብዬ እንደምመልስላት ታስጠኚኛለሽ።

ያቺ እሁድ ግን ከሁሉም ትበልጥብኛለች። ሁለት መስመር ሰጠሽኝና የሚገናኙበትን ፈልጊ አልሽኝ። አንዱ፣ ዋይ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር አንድ። ሌላው፣ ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር ዘጠኝ። ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሳልኳቸው። ወረቀቱ ወደ ላይ አሥር ላይ ያበቃል፤ መስመሮቹ ሳይገናኙ ከጠርዙ ወጡብኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልብስ የምለካበትን ቡናማ ወረቀት ቀድጄ ከላይ በፕላስተር መለጠፍ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየቀጠልኩ ነዋ። ያጠረ ነገር ይቀጠላል።»

ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ ሳቅሽ። አባትሽ ምን ተፈጠረ ብሎ ከጓዳ ወጥቶ አየን፤ ወረቀቱንም አየ፤ ተመለሰ። ከሳቅሽ ስትመለሺ እንባሽን ጠርገሽ፣ «ወረቀቱ ነው ያለቀው እንጂ መስመሮቹ አላለቁም» አልሽኝ። የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ፣ ሁለቱን እኩል አድርጌ ብጽፋቸው ወረቀት አያሻኝም አልሽ። ሁለት ኤክስ ሲደመር አንድ፣ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር ዘጠኝ። ከግራም ከቀኝም አንድ ኤክስ አነሳን፤ ከግራም ከቀኝም አንድን ቀነስን። ኤክስ ስምንት ሆነ። ዋይም አሥራ ሰባት። እኔም በፕላስተሬ እዚያው ነጥብ ደረስኩ፤ ብቻ የጣድነው ወጥ አረረብን።

መጽሐፉን ስትዘጊ፣ «ነገ ደግሞ የማይገናኙትን እናያለን» አልሽኝ።

በነጋታው ያ ትኩሳት ያዘሽ። ስለ እሱ አልጽፍም። አንቺም ነበርሽበት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ደብተሩን ከነመጽሐፉ አልጋ ሥር ገፋሁት። ከስፌት ቤት ቤት፣ ከቤት ስፌት ቤት። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። አባትሽ ከጎኔ ይቀመጣል፤ እሱም ያንኑ ግድግዳ ያያል። የፈተናው ሳምንት ሲደርስ መጽሐፉን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ሲጠርግ አገኘሁት። አልሄድም፣ ምንም አይገባኝም አልኩት። መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «ሂጂ እባክሽ። አንቺ ቤት ስትውዪ እኔ ማልቀሻ አጣሁ» አለኝ።

ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ሄድኩ። ጠዋት እርሳሴን በቢላ ቀርጾልኝ ነበር፤ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ነውና ጫፉን እንደ ምስማር አድርጎት ስጽፍ ወረቀቱን ይቧጥጥብኛል።

ልጄ፣ ፈተናው ላይ ያቺ ጥያቄ መጣች። ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ ፈልጉ ትላለች። አንዱ ሦስት ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ ሌላው ሦስት ኤክስ ሲደመር ስምንት። ደስ አለኝ። እንዳስተማርሽኝ እኩል አደረግኳቸው። ከግራም ከቀኝም ሦስት ኤክስ አነሳሁ። ኤክስ ሙልጭ ብሎ ጠፋና ሁለት እኩል ይሆናል ስምንት የሚል ነገር ቀረኝ።

ሁለት እንዴት ስምንት ይሆናል? ተሳስቻለሁ ብዬ አጠፋሁት፤ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። እንደገና አጠፋሁት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። እጄ ሳላዘው የሚቀጠል ነገር ፍለጋ ዴስኩን ዳበሰ። እንደዚያን ቀን ወረቀቱ ብቻ ይሆናል ያለቀው፣ ከፍ ብሎ የሆነ ቦታ ይገናኛሉ ብዬ ነው እኮ። ግን ወረቀት አያሻሽም ብለሽኛል። እርሳሴን አስቀምጬ መስመሮቹን አየኋቸው። አንዱ ሦስት ሲወጣ ሌላውም ሦስት ይወጣል። አንዱ ሌላውን አይጠጋውም። ያኔ ነገ ያልሽኝ ትምህርት ይኸው እንደሆነ ገባኝ። አንቺ ሳትኖሪ ደረስኩበት።

«አይገናኙም» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ስጽፋት ግን እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ተቆጣጣሪው፣ ባንቺ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፣ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ካላወቁት ይለፉት።»

«አውቄዋለሁ ልጄ። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

 ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ዴስኬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ውጭ ስንወጣ ዳቦ ሻጯ፣ ያቺ ከጎኔ የምትቀመጠው፣ እሷ ስድስት ብላ እንደጻፈች፣ ባዶ ከመተው ይሻላል እንዳለች ነገረችኝ። እኔ የጻፍኩትን ስትሰማ እንዲህ ያለ ክፉ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው እናት የለውም ወይ አለች። መምህራችን ሰምቶን ኖሮ የእኔው ልክ ነው አለ። ልክ መሆኔ አላስደሰተኝም። ብሳሳት ነበር የምመርጠው።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የሠራተኛ ቱታ መጥቶልን ባለ ሁለት መርፌው መኪና ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሁለቱ ክር ጎን ለጎን ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ስንት ዓመት ስሰፋው ኖሬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አይገናኙም፣ ግን አንዱ ከአንዱ ርቆም አይሄድም። ጨርቁ ተጣጥፎ እስኪያልቅ ያው ናቸው። ቆራጯ፣ ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ፣ ኤክስን አገኘሽው እንዴ አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት የምታስጠናኝ የለችኝምና ክሩን በጥሼ ቀጣዩን ቱታ አነሳሁ።

ዘጠነኛ ልመዘገብ አልመዘገብ ገና አላወቅሁም። ለአንቺ ቃል መግባት ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ፤ አሁን አልገባም። አባትሽ ግን ትናንት ራት ላይ፣ «ያ ወረቀት ስትቀጥዪበት የነበረው ነገር ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ አሳየዋለሁ። ከሚገናኙት ነው የምጀምርለት።

ወረቀት ቀጣይዋ፣
እናትሽ