ስሕተቷን ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ኃላፊ

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለንጉሤ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቅ፤ እህታችን አበበች መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች፤ እንቅልፏም ተመልሷል። አንተስ አሰብ ላይ እንዴት ከርመሃል? እኛ ከሙቀቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

አበበች በምትታከምበት በጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ሐረገወይን በቀደም የአንድ ሕመምተኛ ቀጠሮ ተሳሳተች። ማንም ሳያውቅባት ስሕተቷን ከነስሟ ሠራተኞቹ በሚሰበሰቡበት ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያደረገ ዳይሬክተር አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ስሕተት የሚደብቅ ሠራተኛ የለም። ዘበኛው ግርማ እንኳ፣ «እኔም ትናንት እትዬ አበበችን ‹አንቺ› ብያለሁ፤ ጻፉልኝ!» አለ።

አበበችም፣ «ሁለቴ ነው ያልከኝ፤ አስተካክለህ አስጽፍ!» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው።

ሰኞ ለሲስተር ከአውራጃው ደብዳቤ መጣላት። አንብባ ኪሷ ከተተችው። ማግስቱን የአበበችን ካርድ ቁልጭ ባለ ጽሕፈት ገልብጣ ሰጠችኝ። በየሳምንቱ የምንወስደውን መድኃኒትም የሁለት ወሩን ባንድ ጊዜ ሰጠችን። ሲስተርን ሊያዛውሯት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ለአበበች ግን አላነሣሁባትም።

አውራጃው ጤና ጥበቃ የነበረው ጓደኛህ አሁንም እዚያው ይሠራል?

አበበች በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። ደብዳቤዬ በደረሰህ ዕለት መልሱን ጻፍልኝ፤ አታዘግየው።

እህትህ ጽጌ